አራት የብሎን ቀዳዳ

መጋዘኑን ከፍታ ዴልሚራ ስትገባ፣
እኔ ደጁ ላይ ቆምሁ፣ ሆዴ እየባባ፤
የበግ ጸጉር ሽታ፣ የአይጥ ሽንት፣ አቧራ
አፍንጫዬን ይዞ ወደ ውስጥ ሲጠራ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠየቅሁት ነገር
ሸራ ተከናንቦ ጥግ ይዞ ነበር።

ሠሪው ኦሌጋርዮ፣ የሙያ አባቴ፣
በፓይሳንዱ ወደብ፣ በልጅነቴ።
ፊያት ሚሌቼንቶ ከወገቡ ቆርጦ፣
የኋላውን ጫንቃ በላሜራ ለብጦ፣
ከኡራጓይ ወንዝ፣ ከሰመጠች ጀልባ ሞተር አስወጥቶ፣
ሦስት ቀን በናፍጣ ጭቃውን አጽድቶ፤
መብራቱ የባቡር፣ እጀታው የፍሪጅ፣
ላየው ሰው መሳቂያ፣ ለእኛ ግን ወዳጅ።
የሹፌሩ ወንበር ከሁሉም የሚብስ፣
ከከሰረ ጸጉር ቤት ተነቅሎ ሲደርስ፣
ቆዳው ቀይ፣ ክንዱ ኒኬል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ
ሽቅብ የሚያነሣ፣ ቁልቁል የሚያሰምጥ።
በአራት ብሎን አሰረው።
"ማን ይላጭሃል?" እያሉ ሲስቁበት፣
"ነፋሱ!" ይል ነበር፣ ነዳጅ ረግጦበት።

እኔ ዐሥራ ስድስቴ፣ ብየዳ ጀማሪ፣
ጭስ የሚያስለቅሰኝ፣ ተንቀጥቃጭ፣ ፈሪ፤
በግራ በር ሥር አንዲት ስንዝር ስፌት
ተሰጠችኝና አበላሸኋት።
ጉብ ጉብ ያለች፣ የዶሮ ኩስ መሳይ።
"ልሞርዳት?" ብለው፣ "ተዋት" አለኝ፣ "ትታይ፤
የእጅህ ጠባሳ ናት፤ እጅህ እስኪበስል ቆይ።"

ኋላ ዕዳ መጣ። ዕዳ ሙያ አያውቅም።
ሸጠው፤ ለማን እንደሁ ለአንዳችን አልነገረም።
ከዚያ ወዲያ ስለሱ ቃል አላወጣም፤
ሲሞት ግን ከኪሱ ትርፍ ቁልፉ አልታጣም።

መርሴዴስ የምትባል ከተማ ሄድኩና
"ፊያት አያችሁ ወይ?" ስል፣ ሳቁብኝና
አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ግን አልሳቀም፣ ዝም ነው፤
"ሁለት ዓመት" አለኝ፣ "ዳቦ ያዞርኩበት ነው።"
"ለማን ሸጥከው?" "ለቄስ።" ቄሱ ተዛውሯል።
የቄሱ ዘበኛ "ሰርከስ ወሰደው" ብሏል።
ሰርከሱ ፈርሷል። ዝሆኑም ሞቷል።
ፎቶ አገኘሁ አንዴ፣ የሰው ሠርግ ላይ፣
ከሙሽሪት ጀርባ አንድ መብራቱ ሲታይ፤
የባቡር ፋኖሱን መቼም አልስተውም፣
ሠርገኞቹን አገኘሁ፤ ተፋተዋል፣ አይነጋገሩም።
ሚስቴ ኤልቪራ "ዝገት አግብተሃል" ትላለች፤
ጠዋት ግን ስንቄን በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኛለች።

ሽንኩርት ነጋዴ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጎኔ፣
ማቴውን እየመጠጠ፣ ሳልጠይቀው እኔ፦
"ታኳሬምቦ አለች አንዲት ሴት፣ ባሏ የሞተ፣
መኪናው ከሱፍ ሥር ተኝቶ የሻገተ፣
ሲነሣ እንደ ጀልባ ያጓራ የነበረ።"
ከወንበሬ ተነሣሁ፣ አውቶቡሱ እየበረረ።

ሸራውን ገፈፍነው። አቧራው ሲበተን
ፋኖሱ አንድ ዓይኑን አወጣ፣ ታዘበን።
በጀርባዬ ተኝቼ፣ ከግራ በር ሥር
ጣቴን ሰደድኩና ዳበስኩ እንደ ዕውር፤
ጉብ። ጉብ። ጉብ። የዶሮ ኩስ።
ዐርባ አንድ ዓመት ይዛ፣ አለቅም ብላ እስከዚህ ድረስ።

ስወጣ ግን ውስጡን በባትሪ ባየው
ወንበሩ የለም። አራት ቀዳዳ ነው፤
አራት የብሎን ቀዳዳ፣ መሬቱ የሚታየው።

"ወንበሩስ?" አልኳት። ቁልፏን አፍተለተለች።
"ባሌ ሳንባው ሲደክም፣ መተኛት ሲያቅተው" አለች፣
"እኔ ነኝ የፈታሁት፣ በራሴ ካቻቪቴ፤
መስኮት ሥር አኖርኩለት፣ እዚያው ከቤቴ።
ከፍ ሲል መንገዱን፣ ዝቅ ሲል ድመቷን ያያል፤
ሰባት ወር ነዳው፤ ወዴት እንደሁ ማን ያውቃል።"

መኪናውን በርካሽ ሰጠችኝ፣ ሳትከራከር።
ለወንበሩ ኪሴን ገልብጬ ነበር፣
ሰዓቴን ፈትቼ። እሷ ግን፦ "አይሸጥም።
ጎማ ያለውን ውሰድ። እሱ የትም አይሄድም።"

በሽንኩርት ሳጥን ላይ፣ መሪውን ይዤ፣
ከኢሱዙ ኋላ በገመድ ተጉዤ
ፓይሳንዱ ገባሁ።

ምክሩ በዝቷል፦ "የኦፔል ወንበር አለ፣
ግጠመው፣ ምን ቸገረህ" ያላለኝ ማን አለ?
ሳጥኑ ላይ ነኝ ገና። ስነዳ፣ ከአራቱ ቀዳዳ
ነፋስ ሽቅብ ይላጨኛል፣ ሳልከፍል፣ ያለ ዕዳ።

አንዳንድ ቅዳሜ ዴልሚራ ትደውላለች።
"ተነሣ ወይ?" ትላለች።
ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋለሁ።
ከወዲያ በኩል ፔዳል ሲረገጥ፣
ቀስ እያለ ከፍ ሲል፣
እሰማለሁ።